ገብረ ባትሪ የተጠመቀበት ውሃ

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ በማስተምርበት በአርባ ምንጭ፣ ለጎረቤቴ ልጅ የልደት ስጦታ ልገዛ አንድ ሱቅ ገብቼ ሳለ፣ ባለሱቁ ከመደርደሪያው አሻንጉሊት አውርዶ ጀርባውን ጫን ቢያደርገው፣ «ዝርርር፣ ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ በባንኮኒው ላይ ወደ እኔ መጣ። ያን ድምፅ ከሃያ ዓመት በላይ አልሰማሁትም ነበር። ባደግሁባት በመሐል ሜዳ ከተማ፣ ቤታችን ውስጥ፣ እማዬ የክት ልብሷን በምታስቀምጥበት የእንጨት ሳጥን ላይ ይራመድ የነበረው የሮቦታችን ድምፅ ነው። ባለሱቁ «ልጠቅልልልሽ?» ሲለኝ፣ አይ ብዬ የሥዕል ደብተርና እርሳስ ገዝቼ ወጣሁ።

ሮቦቱን ያመጣችልን ቤሩት ሰው ቤት ትሠራ የነበረችው አክስቴ ናት። ለመስቀል መጥታ፣ ለእማዬ ሻሽ፣ ለአባባ ሹራብ፣ ለእኔና ለታናሽ እህቴ ለአስካለ ደግሞ ያን ሆዱ ላይ ቀይ መብራት የሚበራ የፕላስቲክ ሰውዬ ሰጠችን። ስትመለስም ካሜራዋን ከአንድ ጥቅል ፊልም ጋር ትታልን፣ «ፎቶ ተነሥታችሁ ላኩልኝ» ብላ አደራ አለችን። እኛ ግን ዕቃውን በጠቀለለችበት የዐረብኛ መጽሔት ውስጥ፣ ፎቶ ተደርድሮ ከየሰዉ አፍ ቃል የሚወጣበት ገጽ አገኘን፤ ማንበብ ባንችልም ነገሩ ወዲያው ገባን፤ እኛም በሮቦታችን እንዲያ ያለ የፎቶ ታሪክ ልንሠራ ስንል የአክስቴ ፊልም በዚያው ቀለጠ።

ጥቅምትን በሙሉ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሮቦቱን ከበግ ጸጉር የተሠራ የባና ቁራጭ አልብሰን ከተማውን እናዞረው ነበር። በግ ተራ ወስደን አንድ ጸጉረ ረጅም ሙክት ፊት አቆምነውና «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይህ ሹራብ የሚታጠበው በምንድን ነው?» አስባልነው። ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አውጥተን «ከነባትሪዬ ነው የመዘናችሁኝ፤ ይቀነስልኝ» አሰኘነው። ቀበሌ መታወቂያ ሊያወጣ ሄዶ፣ ስምህ ማነው ሲሉት ሮቦት፣ የአባት ስም ሲሉት ባትሪ፣ የአያት ስም ሲሉት ድንጋይ ብሎ መለሰ። ቃሉን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ አስካለ ታነሣለች። ወፍጮ ቤት የሚሠሩት አባባ፣ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ሲገቡ፣ ገና ሳይቀመጡ «ሰውዬው ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋ?» ብለው ይጠይቁን ነበር፤ ስንነግራቸው እስኪያስላቸው ድረስ ይስቃሉ።

የጥቅምት ውርጭ ሲጠና ግን ሳሉ ያለ ሳቅም ይመጣ ጀመር። ጤና ጣቢያ የሳንባ ምች ነው ተብለው ክኒን ተሰጣቸው፣ ጧት ጧትም መርፌ ታዘዘላቸው። እማዬ ግን ልቧ አላረፈም፤ ከከተማው ርቆ ገደል ሥር ወዳለ ጠበል አንድ ቀን ሙሉ ቁልቁለት ወርዳ፣ እዚያው አድራ፣ በማግስቱ እግሯ ውሃ ቋጥሮ፣ ቢጫ ጄሪካን በጀርባዋ አዝላ ተመለሰች። ከአባባ ራስጌ አስቀምጣውም፣ «በባዶ ሆድ አንድ ጣሳ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው» ብላን ተኛች።

በማግስቱ እማዬ እያነከሰች ገበያ ወጣች፣ አባባም መርፌያቸውን ሊወጉ ሄዱ። ዕለቱ ሮቦቱ እቤታችን ከገባ አርባኛው ቀን ነበር። ወንድ ነው ብለን በአርባ ቀኑ ክርስትና ልናነሳው ቀን ስንቆጥር ከርመን ነበርና፣ የሽሮ ማማሰያ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠምጥመን ቄስ አደረግን፣ ሮቦቱን ሳፋ ውስጥ አቆምነው።

«ከእንስራው ልቅዳ?» አለች አስካለ።

«በቦኖ ውሃማ ክርስትና የለም። ቀልድ ይሆናል።»

«እና ቀልድ አይደል እንዴ?»

ከአባባ ራስጌ ጄሪካኑን አመጣሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ከፊት የምቀመጥ፣ በጥምቀት ነገር መቀለድ ኃጢአት እንደሆነ የማውቅ ጥንቁቅ ልጅ ነበርኩ፤ ስለዚህ በእውነተኛው ጠበል ካደረግነው ኃጢአት አይሆንም ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት አንድ ስኒ ነበር። መጀመሪያ ስንደፋበት አስካለ ዓይኗን ጨፍና የካሜራውን ቁልፍ ሳትጫን ቀረች፤ ሁለተኛው ላይ ሮቦቱ በአፍጢሙ ተደፋ፤ ሦስተኛው ላይ ማማሰያው ወደቀ። «ስምህ ገብረ ባትሪ ይሁን!» እያልኩ፣ በሳቅ እየተንፈራፈርን፣ ውሃው ሲወርድ ፎቶ ላይ እንዲታይ ደጋግሜ ስደፋ ጄሪካኑ እጄ ላይ ቀለለኝ። የሮቦቱም ቀይ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ጄሪካኑን ይዤ ቦኖ ሮጥኩ፣ ሞልቼ ከነበረበት ራስጌ መለስኩት። ከዚያ የአንገቴን መስቀል አውጥቼ፣ «ለማንም እንዳትነግሪ!» ብዬ አስካለን አስማልኳት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ መስቀሉን በሁለት እጇ ይዛ ማለች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ጧቶች ማስታወስ አልወድም። እማዬ ገበያ ደርሳ ስትመለስ እግሯ ስለባሰባት ጣሳውን የማቀርበው እኔ ነበርኩ። አባባ ትራስ ተደግፈው ቀና ይሉና፣ አማትበው፣ ጣሳውን ስመው፣ ያን የቦኖ ውሃ እስከ ጠብታው ይጠጡት ነበር። «አንቺም ዋጋሽን አታጪም» ይሉኝ ነበር። መርፌያቸውን ጨረሱ፣ ክኒናቸውንም ጨረሱ፣ ለገና ከአልጋ ተነሡ።

ፎቶው ደብረ ብርሃን ታጥቦ በአውቶቡስ የመጣው በጥር ነው። በደብተር ላይ ለጥፈን ስንጨርስ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ መራመድ ያቃተው ሮቦት ባናውን ተከናንቦ ጥግ ተቀምጧል፤ ከሥሩ «ገብረ ባትሪ ከተጠመቀ በኋላ መነኮሰ፤ ከበዓቱ አይወጣም» ብዬ ጻፍኩ። አባባ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፣ ደብተሩንም ወፍጮ ቤት ወስደው ለሰው ሁሉ አሳዩት። ከክርስትናው ፎቶ ላይ የጄሪካኑ ቢጫ እጀታ ይታይ ስለነበር፣ እሱን አስቀድሜ በመቀስ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ።

በግንቦት፣ ለጠበሉ በዓል፣ እማዬ ስለቷን ልታገባ እኔን ይዛኝ ወረደች። ምስክርነት ሲጠየቅ ሕዝቡ መሐል ድንጋይ ላይ ወጥታ፣ በዚያ አይናፋር አንደበቷ፣ «መርፌው አልያዘለትም ነበር። ባሌን ያዳነልኝ ይህ ጠበል ነው» ብላ ተናገረች። እልልታው ገደሉን ሞላው። ነጠላዋን ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ አንድ ጊዜ ጎተት አደረግኋት፣ «ደከመሽ?» አለችኝ፣ አዎ አልኳት።

አባባ ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። አምና በመጋቢት አስካለ ደወለችልኝ፣ ሳቅ በድምፅዋ ውስጥ አልነበረም።

«እማዬ የደም ግፊት ክኒኗን ጥላለች። ባለፈው በረንዳው ላይ ወደቀች። ዋጪ ስላት፣ አባታችሁን ያዳነ ጠበል እያለልኝ ነው የምትለኝ። ሁለቱንም አድርጊ ብላት አልሰማ አለችኝ። አንቺ ንገሪያት እንግዲህ፤ እኔን በመስቀል አስምለሽኛል።»

ለንስሐ አባቴ ከዓመታት በፊት ነግሬአቸው፣ ሰግጄ፣ ጾሜ ጨርሼዋለሁ ብዬ ነበር። ያኔም ቢሆን፣ «ጠበሉን አላጎደልሽውም ልጄ፤ ለእናትሽ ግን እዳ አለብሽ» ብለውኝ ነበርና እሱን ብቻ ሳልፈጽም ኖርኩ። ያን ዕለት ለእማዬ ደወልኩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ከወዲያ የዶሮዎቿ ድምፅ ይሰማኛል።

«ለአሻንጉሊት?» አለችኝ።

«ለአሻንጉሊት፣ እማዬ።»

«ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርጄ ያመጣሁትን?»

እንድትቆጣኝ፣ ብትፈልግም እንድትረግመኝ ጠበቅኩ።

«እኔ እኮ ሕዝብ ፊት ቆሜ መስክሬበታለሁ» አለች። «በእግዚአብሔር ስም ያልሆነውን ተናግሬአለሁ።»

«አንቺ ምን አደረግሽ፣ እማዬ? አላወቅሽም።»

«አሁንማ አወቅኩ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

አስካለ እንደነገረችኝ፣ ያን ዕለት ማታ ክኒኑን ራሷ ጠይቃ ዋጠች። «ለግንቦት እዚያ ሳልደርስ መሞት የለብኝም» አለቻት። እስከ ግንቦት አንድ ቀን አላጓደለችም። በበዓሉ ዕለት፣ መኪና እስከ ቁልቁለቱ አፍ ካደረሳቸው በኋላ በአስካለ ክንድ ተደግፋ ወረደች፣ የያኔው ድንጋይ ላይ መውጣት ስላልቻለች ከሥሩ ቆማ፣ «ዱሮ እዚህ የመሰከርኩት ልክ አይደለም። ባሌ የጠጣው የቦኖ ውሃ ነበር። እግዚአብሔር በመርፌው ነው የማረው። ሳላውቅ ተናግሬ አሳስቼአችኋለሁና ይቅር በሉኝ» አለች። ከሰዉ መሐል አንዱ «ማነው የለወጠው?» ብሎ ጮኸ። «እሱ የቤቴ ጉዳይ ነው» ብላ፣ ጠበሏን ጠጥታ ተመለሰች።

እልል ያለ አልነበረም አለችኝ አስካለ። እኔ በዚያ ሰዓት እዚህ አርባ ምንጭ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ነበር። ልጅ ሆኜ፣ ሳታውቅ ስትሳሳት፣ ነጠላዋን ይዤ ከጎኗ ቆሜ ዝም አልኳት፤ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ እውነቱን ልትናገር ያን ቁልቁለት ስትወርድ፣ ክንዷን የያዝኩት እኔ አልነበርኩም።