ሞላሌ ላይ ያላጨበጨቡት ተመልካቾች

ዛሬ ሞላሌ ላይ ፊልም ስንቀርጽ፣ "አጨብጭቡ" ያልናቸው እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ ተቀመጡ።

ፊልሙ በደርግ ጊዜ ስለነበረ አንድ ምትሃተኛ ከጻፍኩት አጭር ልቦለድ የተወሰደ ነው። ምትሃተኛው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሳጥን ውስጥ ያስገባና ያጠፋዋል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሳጥናችን የእህል ሳጥን፣ መጋረጃው የራሴ አንሶላ ነው፤ በጀታችን ያው እሱ ነው። ተመልካች እንዲሆኑልን የሰፈሩን ሰው ለመንን።

የሚጠፋውን ሰው የሚጫወተው ተዋናይ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ሳጥኑ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት እትዬ በለጡ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ሌሎቹም ተከተሏቸው። "ምነው እናቴ?" አልኳቸው።

"ልጄን የወሰዱት ጊዜ ማልቀስ ክልክል ነበር" አሉኝ። "በማግስቱ ስብሰባ ጠርተው አጨብጭቡ አሉን፤ አጨበጨብን። ዛሬስ አላጨበጭብም።"

ተዋናዩ ጭብጨባው ሲቀርበት ግራ ገብቶት ከሳጥኑ ድብቅ ወለል ሥር ወጣ። እትዬ በለጡ ጠጋ ብለው ፊቱን ዳበሱት።

"አንተስ ወጣህ" አሉት።

ጭብጨባውን ከፊልሙ አውጥቼዋለሁ። እናንተ አገርስ ሳይለቀስለት የቀረ ሰው አለ? ስሙን እዚህ ጻፉልኝ።