አራርሳ የተረጎመው ጥያቄ

አራርሳ በመቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ በትንሿ ጸሎት ቤት ይሰብካል። ሚስቱ ሻሽቱ በወሊድ ከሞተችበት ወዲህ ከነዚህ ከሁለቱ ሌላ ከሰው የሚያገናኘው ነገር አልነበረውም።

በ1954 ዓ.ም. ሚስተር ኦልሰን የሚባል አሜሪካዊ የቡና ባለሙያ መጣ። ሃይማኖቱ ቡና የሚከለክለው የሞርሞን እምነት ነውና የቡና አገር ሊያስተምር መጥቶ ቡና አይቀምስም። ሰው ቢስቅበትም ቅን ነበር። በአገሩ የቤተ ክርስቲያን አለቃ እንደነበረ፣ ከአለቆቹም አንዳንዶቹ ኮሚኒዝምን ለመቃወም ከአዳራሽ አዳራሽ እንደሚዞሩ ለአራርሳ አጫወተው።

«እኔም ዝም ብል ኅሊናዬ ይወቅሰኛል» አለው።

ስለዚህ ስለ ችግኝ ተናግሮ ሲያበቃ ስለ ኮሚኒስቶች ይቀጥላል፤ አራርሳም በኦሮምኛ ያሰማል።

አንድ ቀን በዳሪሙ በኩል ባለች መንደር ምስለኔው ወንበር ላይ፣ ጢሰኞቹ ሣር ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር።

«ኮሚኒስት ማለት» አለ ኦልሰን፣ «ያረሳችሁትን ሌላ የሚወስድባችሁ፣ መሬታችሁን የሚነጥቃችሁ ነው።»

ጎንፋ የሚባል ጢሰኛ ብድግ አለ። «ኦቦ አራርሳ፣ ጠይቅልኝ። ካረስኩት እኩሌታው የባለርስቱ ነው። መሬቱም የኔ አይደለም። እነዚያ ሰዎች እኛ ዘንድ የመጡት መቼ ነው?»

አራርሳ ሊያለዝበው ይችል ነበር። ግን ለኦልሰን በእንግሊዝኛ፣ ኦሮምኛ ለማይሰማው ምስለኔ ደግሞ በአማርኛ፣ ቃል ሳያጎድል ተረጎመው። ኦልሰን ፊቱ ቀላ። ምስለኔው ግን ጎንፋን አሳሰረው።

በሦስተኛው ቀን አራርሳ ለምስክርነት ተጠራ። ጎንፋ እጁን ታስሮ ቆሟል።

«ይህ ሰው እንዲህ ብሏል?» አሉት ዳኛው።

አራርሳ ወደ ጎንፋ አየ። «እሱ የጠየቀው ስለ ችግኝ ነው። ያንን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አለ።

ጥያቄውን በጆሯቸው የሰሙት ጢሰኞችም ቃሉን አላፈረሱበትም። ጎንፋ ተፈታ፤ አራርሳ ስድስት ወር ተፈረደበት።

ኦልሰን ከመሄዱ በፊት እስር ቤት መጥቶ ጠየቀው። «እኔ አምኜህ ነበር። ለምን አታለልከኝ?» አራርሳ እውነቱን ቢነግረው ወሬው ወደ ጎንፋ ይመለሳል። ስለዚህ አቀርቅሮ ቀረ።

ሲፈታ ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ አቶ አምባዬም በሩ ላይ ጠበቁት። «ወንድሜ፣ መንግሥት ዓይኑን ጥሎብናል። ለጊዜው ከመድረኩ ራቅ በል» አሉት። እሑድ በኋለኛው አግዳሚ ሲቀመጥ አጠገቡ የነበሩት ወደ ፊት ተጠጉ። ከሦስት እሑድ በኋላ ቀረ።

ያዮ ከተማ ወርዶ ለአንድ ነጋዴ ቡና መመዘን ጀመረ። እሑድ ወደ ገባ ወንዝ ይወርድና የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱሱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ አድማጭ የለውም።

በአራተኛው ክረምት ጎንፋ በዝናብ መጣ። እርጥብ ጋቢውን ሳያወልቅ በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ያደረግህልኝን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ ፈራሁ» አለ።

«ደግ አደረግህ።»

ዝናቡ ሲያባራ ጎንፋ ሰው እንዳያየው በጓሮ በኩል ወጣ። አራርሳ ጥቂት ሊሸኘው ተነሥቶ ነበር፤ ግን አብረው እንዳይታዩ እግሩን ከደጃፉ ሳያሳልፍ ተመለሰ።