አባዬ እህቴን በፊልም ዘፈን ያስገባ ቀን

ኧረ አልዋሸሁም። እናንተ ደሞ። ግሮንላንድ ሰፈር ጤፍ ልገዛ በወጣሁ ቁጥር አንዱ ያስቆመኝና «አባቴ ሠርግ ላይ በእንግሊዝኛ ዘፈነ ብለህ ታስወራለህ አሉ» ይለኛል። ታስወራለህ ምን ማለት ነው? ዘፍኗል። ያዘፈንኩት ደሞ እኔ ነኝ። «እሱ ሰውዬ? የሰበካ ጉባኤው? ሲስቅ እንኳን ታይቶ የማያውቀው?» ያ፣ አዎ፣ እሱ ሰውዬ። መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዛ ትከራከራላችሁ።

ዘፈኑን ታውቁታላችሁ። ሰዎቹ ሲጣሉም ሲታረቁም ከሚዘፍኑበት ከዛ ፊልም የወጣው ነው። ልጅቷ ቀስ ብላ ትጀምራለች፣ ልታለቅስ ትመስላለች፣ ከዛ ልጁ ይቀበላታል፣ ጊታሩ ይገባል፣ ድራሙ ዱም ሲል ቤቱ ይነቃነቃል። አንድ ሰሞን ትራም ላይ የሁሉም ልጅ ጆሮ ውስጥ እሱ ነበር። እኔና እህቴ ትንንሽ ሆነን አባዬ ፊልሙን ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ አመጣልን። የመጀመሪያ ቀን ሶፋው ላይ ተቀምጦ አየ አየና «እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም እንዴ?» አለ። ብዙም ሳይቆይ ዕቃ እያጠበ ጭልፋውን ማይክ አድርጎ ይዘፍነው ጀመር። እህቴ ወንበር ላይ ቆማ የልጅቷን ትላለች፣ እሱ አረፋው ከእጁ እየተንጠባጠበ የልጁን ይቀበላታል። ድራሙ እኔ ነበርኩ። የመታሁት ድስት ነው፣ ግን ድስትም በኔ እጅ ሌላ ነገር ነው።

ከዛ አባዬ ትልቅ ሰው ሆነ። ሰበካ ጉባኤ ገባ፣ ሰው ሲጣላ ለሽምግልና እሱ መጠራት ጀመረ፣ ዘፈኑም በዛው ቀረ።

እህቴ ልታገባ ስትል ከሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። አዳራሹ ውስጥ ስትገባ ያ ዘፈን እንዲከፈትና እሱ በአንድ በኩል ክንዷን ይዞ እንዲያስገባት። አባዬ ናይ አለ፣ አይሆንም። ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ፣ ቀሳውስቱ በተቀመጡበት፣ በፊልም ዘፈን? የኛ የሠርግ ዘፈን ሞልቶ? እሷም የሱ ልጅ ናት፣ ጭንቅላቷ ድንጋይ ነው። እንግዲያው ቁጭ ብለህ እየኝ፣ ከባሌ ጋር ብቻችንን እንገባለን አለችው። ይህን ስትል ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው።

ሙሽራው ጨነቀውና ወደኔ መጣ። ወደ ማን ይሂድ? በሳምንቱ ብሪን ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ብደረድርም ቅዳሜ ቅዳሜ የዚህ ከተማ አንደኛ ዲጄ ነኝ። ትምህርት ላይ ብዙም አልነበርኩም፣ ያ፣ ይታወቃል። የሰው እግር ግን አነባለሁ። «አባዬን ለኔ ተወው፣ ድራሙ ሲገባ እግሩ ራሱ ያስነሳዋል» አልኩት።

አዳራሹ ግሩነርሎካ ሰፈር ያለው አሮጌ ቤት ነው። አዳራሹን የሚጠብቀው ኖርዌጂያን፣ ቫክትሜስተሩ፣ ጥግ ላይ የተሰቀለች መብራት አሳየኝ። አረንጓዴ ሰላም ነው፣ ቀይ ከሆነች ድምፅ በዝቷል ማለት ነው፣ ቀይ ሆና ከቆየች የስፒከሩን ኤሌክትሪክ ራሷ ትቆርጠዋለች። ጎረቤቶቹ ፎቁን በውድ ነው የገዙት፣ መተኛት ይፈልጋሉ አለኝ። ችግር የለም፣ እቀንሰዋለሁ አልኩት። ቀነስኩትም። እግዜር ያየኛል፣ ቀንሻለሁ።

አባዬ በር ላይ አልቆመም። ፊት ለፊት፣ ቀሳውስቱ ጋ ተቀምጦ እጁን አጣጥፏል። በሩ ተከፈተ፣ ዘፈኑን ለቀቅኩት፣ እህቴና ሙሽራው ገቡ። እኔ አይኔ ጠረጴዛው ሥር ነው። የአባዬ ጫማ ጫፉን ነቅነቅ አደረገ። ያዝኩህ አልኩ በሆዴ። የዘፈኑ ልጅ ሊቀበል ሲል ግን አክስቶቼ ሙሽራዋን አዩ።

የአክስቶቼን እልልታ የማያውቅ እንዳይፈርድብኝ። ያቺ ኖርዌጂያን መብራት እንዲህ ዓይነት ነገር ሰምታ አታውቅም። ቀይ ሆነች፣ ቀይ እንደሆነች ቀረች፣ ከዛ ጭጭ። ዘፈኑ መሃል ላይ ተቆረጠ። አክስቶቼም ደንግጠው ዝም አሉ። እህቴ ያን ሁሉ ቀሚስ ለብሳ አዳራሹ መሃል ቆማ ቀረች። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ላብ በላብ ሆነህ ነበር ይሉኛል። ሙቀት ነው።

ይሄኔ ከፊት ጠረጴዛ አንድ ድምፅ ተነሳ። የልጁን ቦታ፣ ልክ ከተቆረጠበት። ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ ግማሹን እንጃ። አባዬ እጁን እንዳጣጠፈ፣ ሳህኑን እያየ ይዘፍናል። አንዱ ቄስ ሳል አደረጉ። እሱ ግን ተነሳ፣ ነጠላውን አስተካከለ፣ እየዘፈነ ሄዶ ክንዷን ያዘ።

እህቴ አፏን ከፍታ ታየዋለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ያንቺ ተራ ነው» አላት።

ዘፈነች። እያለቀሰች ነው፣ ግን ዘፈነች። ድራሙ መግባት ያለበት ቦታ ሲደርስ ታላቋ አክስቴ ለሠርጉ ያመጣችውን ከበሮ አንስታ ዱም አደረገችው። ከበሮ ሶኬት አይፈልግም። ከዛ በኋላ የሆነውን ትከሻ የነበረው ሁሉ ያውቃል። ቫክትሜስተሩ መብራቷን እየጠቆመ ሲመጣ አክስቴ በእንጀራ የተጠቀለለ ሥጋ፣ ይህን የሚያህል፣ አጎረሰችው። እያኘከ ወደ በሩ ተመለሰ።

አሁን «ማሽኑ የቆመው ሥራውን ስለማታውቅ ነው» የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ አክስቶቼን መብራቷ ሥር ያስቀመጣቸው ማነው? እኔ። ይታሰብበት። «ቪዲዮውስ?» ካላችሁ፣ ቪዲዮ አንሺው በዛች ሰዓት እኔን ነበር የሚያነሳው፣ አልፈርድበትም። አባዬን ብትጠይቁት ደሞ «ልጄ ቆማ ብትቀርብኝ ሄጄ አስገባኋት፣ ማን ዘፈነ?» ነው የሚላችሁ። እሱን ተዉት። አክስቴን ጠይቁ፣ ያጎረሰችውን ሰውዬ ጠይቁ፣ ያሳሉትን ቄስ ጠይቁ፣ የሳቸውንም እግር አይቼዋለሁ። እህቴን ጠይቋት። እዛ ከነበረው ሰው አንዱ እንኳን አባዬ አልዘፈነም ካላችሁ፣ ኑና ፊቴ ላይ ንገሩኝ።