በስክሪን ሊነገር የነበረ መርዶ

ሥራ የገባሁ ቀን ጋሽ ሸምሱ ካሜራ አላስነኩኝም። ቡታጅራ አስፋልቱ ዳር ካለው ፎቶና ቪዲዮ ቤታቸው ጓዳ አስገብተው ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝና፣ «ዘይነብ፣ ይሄ የሴቶች ወገን ነው። ከአንቺ በቀር ማንም አያየውም። እኔም አላየውም» አሉኝ።

በእኛ ሰፈር ሠርግ ሲቀረጽ የሴቶቹ ድንኳን ለብቻ፣ የወንዶቹ ለብቻ ነው። ሴቶቹ ራሳቸውን ገልጠው ሲጨፍሩ የተቀረጸውን ወንድ ኤዲተር እንዲያየው የሚፈቅድ ቤተሰብ የለም። እኔ ሥራውን ያገኘሁት ሴት ስለሆንኩ እንጂ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ጉብዝናው በኋላ መጣ፣ እሱንም በስንት ቁጣ።

ጋሽ ሸምሱ ቁጡ ነበሩ። የካሜራው ሚሞሪ መጥቶ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ሳይገለበጥ ሻይ መጠጣት የለም። ከተገለበጠ በኋላ ድምፅና ምስሉን ማገጣጠም። ከዚያ ሁሉንም፣ የተበላሸውንም ጨምሮ፣ እጅን ሰብስቦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየት። «ያላየሽውን እንዴት ትቆርጪዋለሽ?» ይሉ ነበር። ሙሽራዋ ስታስነጥስ ሳይቀር ቁጭ ብዬ አያለሁ። ይሄ ልማድ በኋላ ምን ውስጥ እንደሚከተኝ ባውቅ ኖሮ፣ ወላሂ፣ ልብስ ስፌት እማር ነበር።

ከሠርግ ወደ ምረቃ፣ ከምረቃ ወደ ተዝካር፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ዘጋቢ ፊልም ገባሁ። ድርጅቶች የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ ወይም ሥልጠና ሲሰጡ ፊልም ያሠራሉ። ብዙው ሪባን መቁረጥና ጭብጨባ ነው። ቢኒያም የሚባል የአዲስ አበባ ዳይሬክተር እስኪመጣ ድረስ፣ እውነተኛ ዘጋቢ ፊልም ቆርጬ አላውቅም ብል ይቀለኛል።

ቢኒያም ስለ ስደት ፊልም ሊሠራ መጣ። የሚያሠራው ድርጅት ወልቂጤ አዳራሽ ውስጥ በትልቁ ሊያስመርቀው አስቧል። ቀረጻው በሁለት ቡድን ተካሄደ፤ አንዱ ቡታጅራ ዙሪያ ልጅ የተሰደደባቸውን ቤተሰቦች፣ ሌላው ቡኢ ላይ ከመንገድ የተመለሱትን ቀረጸ። ዲስኮቹ በሙሉ እኔ ጋ መጡ። ቢኒያም ከቡታጅራው ቡድን ጋር ስለነበር የቡኢውን ቀረጻ በዓይኑ አላየም።

የመጀመሪያዋ ባለታሪክ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ገበያ ላይ ቆጮ ይሸጣሉ፣ ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። አንድ ልጃቸው ተካልኝ በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ከሄደ ሁለት መስቀል አልፏል። ቀረጻው ላይ ተካልኝ ለራሱ የሠራትን አንድ ክፍል ያሳያሉ። በሩ ተቆልፏል። «ቁልፉን ማተቡ ላይ አስሮት ነው የሄደው። ሰብረን እንክፈተው ሲሉኝ እምቢ አልኩ። ባለቤቱ መጥቶ ይከፍተዋል» ይሉና ይስቃሉ። ሳቃቸው ደስ ይላል። ጥርሳቸው ሁሉ ይታያል።

በማግስቱ የቡኢን ዲስክ ከፈትኩ። ምትኩ የሚባል ልጅ ነው የሚናገረው። መንገድ ላይ ተይዞ፣ ታስሮ፣ በስንት መከራ ተመልሷል። ስለ ደላሎቹ ተናገረ፣ ስለ ጫካው ተናገረ። ከዚያ፣ «አንድ የቡታጅራ ልጅ ነበር። ተካልኝ ይባላል። ማተቡ ላይ ቁልፍ አስሯል፣ ደላሎቹ ይስቁበት ነበር። ተቅማጥ ያዘው። እጄ ላይ ነው የሞተው» አለ።

ወደ ኋላ መልሼ ደግሜ ሰማሁት። ያው ነው። እናትየው የማያውቁትን እኔ ጓዳ ተቀምጬ አወቅሁ።

ለቢኒያም ደወልኩለት። ነገሩን እስኪረዳ ሁለቴ ነገርኩት። ከዚያ፣ «ዘይኒ፣ ይሄ እኮ ወርቅ ነው» አለኝ። እዚያው ስልክ ላይ መዋቅሩን ዘረጋልኝ። ፊልሙ በእትዬ በላይነሽ ሳቅ ይከፈታል፤ መሀሉ የሌሎቹ ታሪክ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ምትኩ ስለ ቁልፉ ይናገራል፤ ከዚያ ወደ ተቆለፈው በር ተመልሰን እናበቃለን።

እንደ ሙያ ከተነጋገርን ጥሩ መዋቅር ነው። ሴትዮዋን ባላውቃቸው እኔም እንደዚያው እቆርጠው ነበር።

«እሳቸውስ የት ነው የሚያዩት?» አልኩት።

«ወልቂጤ፣ ምርቃቱ ላይ። ተጋብዘዋል። መጀመሪያ ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ።» ቀጥሎም፣ «ፊታቸውን የሚቀርጽ አንድ ካሜራ እናቆማለን» አለ።

«ቢኒ፣ መርዶ እኮ ነው የምታወራው።»

«አውቃለሁ። ከነገርናቸው ግን አይመጡም። ሁለት ዓመት ጠብቀዋል፣ ትንሽ ቢጨመርበት ምን ይሆናሉ?»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

እኛ ጋ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ መርዶ ያገኘ አፍ ሁሉ አይናገረውም። የሰማ ሰው አፉን ይዞ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ዘመድ ይጠራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ጎህ ሲቀድ ይነገረዋል። ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ መኖር አለበት። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ሰው እንዳይነቃበት ፊቱን መጠበቅ ግዴታው ነው።

እኔም ፊቴን የምጠብቅበት ሰዓት ብዙ አልቆየም። የዚያኑ ቀን ገበያ መሀል እትዬ በላይነሽ ጠሩኝ።

«ዘይኑ፣ የኔ ልጅ፣ ፊልሙ ላይ እንዴት ነኝ? አስቀያሚ ሆኜ ይሆን?»

«ኧረ ያምርብዎታል።»

«ለወልቂጤ ብዬ ነጠላ ገዛሁ። ተካልኝ አንድ ቀን ቢያየው፣ እናቴ እርጅና ተጫጫናት እንዳይል።» ነጠላውን ከፌስታል አውጥተው ጥለቱን አሳዩኝ። ሳቅሁላቸው። ጥለቱን በእጄ ዳሰስኩና አሞገስኩት።

በቀጥታ የእድራቸው ዳኛ ጋሽ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ። እስላም ሆኜ ለክርስቲያን ቤት መርዶ ይዤ መምጣቴ አላስገረማቸውም። አብረውኝ ስቱዲዮ መጥተው ምትኩን ሰሙ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ይሄ አይበቃም፤ ያየው ሰው ራሱ ይምጣ» አሉ።

ምትኩ ስልክ ላይ መጀመሪያ እምቢ አለኝ። «ቡታጅራ መናኸሪያ ድረስ እየመጣሁ እመለሳለሁ። እናቱን ምን ብዬ ልያት? ካሜራው ቀለለኝ፤ ካሜራ አያለቅስም» አለ። ጋሽ ወልዴ ስልኩን ተቀብለው፣ «ልጄ፣ አንተ ብቻህን አትነግራቸውም፤ እኛ አለን» አሉት። መጣ።

ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱ አጥሩ ሥር ቆመ። ጋሽ ወልዴ በሩን አንኳኩ። እትዬ በላይነሽ ከፈቱ፣ ሰዉን አዩ፣ የማያውቁትን ልጅ አዩ። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባቸው። ሁለት ሴቶች ክንዳቸውን ያዙ።

«ተካልኝ አርፏል። ታሞ ነው። ጓደኞቹ በወግ ቀብረውታል» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ስለ ቀብሩ ያሉት እውነት አልነበረም። ምትኩ ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ነው። እሱን አልጽፈውም።

ቢኒያም መርዶው መነገሩን ሲሰማ ከካሜራ ባለሙያው ጋር ከአዲስ አበባ ወረደ። የለቅሶው ድንኳን ደጃፍ ላይ የእድሩ ወጣቶች አስቆሙት። «ካሜራውን መኪና ውስጥ ተውና ግባ፣ እዘን» አሉት። ትቶት ገባ። ከእንጨት አግዳሚው ላይ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። እንዲያም ሆኖ መኪናው ጋ ስንደርስ፣ «አሁን ስለሚያውቁ መዋቅሩን መቀየር አያስፈልገንም፤ በሳቃቸው እንክፈት» አለኝ። ትቼው ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ።

አርባው ካለፈ በኋላ እትዬ በላይነሽ ጥቁር ለብሰው ስቱዲዮ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው።

«ገበያ ላይ ነጠላውን ሳሳይሽ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ሳቅሽልኝ እኮ።»

«አዎ።»

ከዚያ፣ «እንዲያው እንዴት ቻልሽው፣ ልጄ?» አሉኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ለዚህ አልተዘጋጀሁም፣ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም።

«ቀብረውታል አሉኝ። ሰው ሲያጽናና ብዙ ይላል። አንቺ የልጁን ቃል ሰምተሻል። አፈር አልብሰውታል?»

ምትኩ ስለ አስከሬኑ የተናገረውን ከቆረጣው አውጥቼው ነበር። አዎ ማለት ይቻል ነበር። ግን ምትኩ በሕይወት አለ፣ አንድ ቀን ይጠይቁታል፣ ያኔ ልጃቸው ሁለተኛ ይሞታል።

«አላለበሱትም፣ እትዬ። ደላሎቹ ጊዜ አልሰጧቸውም። ቅርንጫፍ ቆርጠው ሸፈኑት። ምትኩ ጃኬቱን አውልቆ ደረበለት።»

«ልስማው» አሉ።

የጆሮ ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ አደረግሁላቸው። ሰሙ። ጃኬቱ ጋ ሲደርስ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፣ መለስኩት፣ ደግመው ሰሙ።

«እኔ ደግሞ አውሬ በላው እያልኩ ነበር የማድረው» አሉ ማዳመጫውን እያወለቁ። «ይሄ ይግባ። ሰው ልጁን ከመላኩ በፊት ይስማው። ሳቄን ግን አውጪልኝ። ያን ጊዜ ልጄ ሞቷል፣ እኔ እስቃለሁ። እሱን ሰው አይይብኝ።»

አወጣሁት። በሥራ ዘመኔ ካየሁት ሁሉ ያማረው ቀረጻ እሱ ነበር። ቢኒያም ያለ ሳቁ የቆረጥኩትን ሲያይ፣ «ፊልሙን ገደልሽው» አለኝ። «እንግዲያው ስሜን አውጣና ሌላ ኤዲተር ፈልግ፤ ሳቁ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም» አልኩት። ጋሽ ሸምሱም ከበሩ ላይ ሆነው፣ «አይወጣም» አሉ። ምርቃቱ ደርሶ ስለነበር ሌላ ኤዲተር ሊያመጣ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ አንድም ሥራ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ወልቂጤ ላይ ፊልሙ በምትኩ ቃል ተከፈተ። የተካልኝ መሞት መጀመሪያ ተነገረ፣ የተቆለፈው በር ከዚያ በኋላ ታየ። የድርጅቱ ሰዎች ትንሽ ቀዝቅዟል አሉ። እትዬ በላይነሽ አልመጡም። ለእሳቸው የተያዘው ወንበር ላይ አንድ የወረዳ ኃላፊ ተቀመጠ።

ዛሬ ጓዳው ውስጥ እኔን ተክተው የሚሠሩ ልጆች አሉ። ስለ ሶፍትዌር ከኔ የበለጠ ያውቃሉ፣ እሱን አላስተምራቸውም። የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ቀረጻውን ሁሉ አይታችሁ ስትጨርሱ፣ መቁረጫውን ታይምላይን ከመክፈታችሁ በፊት፣ ይሄን ያልሰማ ባለቤት አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካለው ኮምፒውተሩን ዝጉና ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ንገሩት። ቆረጣው ይደርሳል።