ሰፊ ኪስ

የማሽኑ ክር ሊላላ ሲል በጣቱ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው፣ ቃል ሲጠብቅና ሲላላ እንዴት አይለይም? ስለ አጎቴ ይህን ስጠይቅ ከርሜአለሁ።

አብሬው የምኖረው አጎቴ የደንብ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ወገቡ አልታዘዝ ካለው ቆይቷል። ከማሽን የሚያላቅቀው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ የፈረቃ ተቆጣጣሪ መሆን። ተቆጣጣሪ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የሥራ ትእዛዙን ለሠራተኛው ጮክ ብሎ ያነባል። አጎቴ ፊደል ቆጥሯል፤ ሲያነብ ግን ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነው። የቃሉ መጨረሻ ሲደርስ መነሻው ይጠፋዋል።

ለዚሁ ሲል የማታ ትምህርት ገባ። መምህሯ አንድ ቀን ጠረጴዛውን በእርሳስ እየመታች፣ «አብረውኝ ይምቱ» አለችው። አንዴ ይቀድማታል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይቀራል።

«ስንፍና እንዳይመስልዎት። አንዳንድ ሰው አእምሮው በድምፅና በድምፅ መካከል ያለችውን ቅንጣት ጊዜ በደንብ አይለካም። ጽሕፈታችን ደግሞ የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አያሳይም።»

«መድኃኒት የለውም?»

«ልምምድ ነው። ጊዜ ይፈልጋል።»

«እሱን መለካት ነው እኮ ያቃተኝ!» አላት።

የተቆጣጣሪነቱ የንባብ ፈተና ሲቃረብ እንቅልፍ አጣ። ተጋድሞ ፍራሹን በጣቱ ይመታል።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አልጋው እንኳ ይረፍ!» ትለዋለች ሚስቱ።

የፈተናውን ጠዋት የነገረችኝ እዚያው ፋብሪካ የልብስ ቁልፍ የምትተክለው ጎረቤታችን ናት። የፋብሪካው ኃላፊ የሥራ ትእዛዙን እንዲያነብ ሰጠው፤ ደህና ጀመረ። ከዚያ «ሱሪው ሰፊ ኪስ ይኑረው» የሚለው ላይ ደረሰ። ፊ መጥበቅ ነበረባት፤ እሱ አላላት። ኪሱ የልብስ ሰፊ ሆኖ ቀረ።

«ጋሼ፣ የሰፊ ኪስማ ከተቀደደ ቆየ!» አለች፣ ራሷ ጎረቤታችን። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ፤ ወደ ወረቀቱ ሲመለስ ግን ያቆመበት መስመር ጠፋው። ላቡን ጠረገ፣ ፈለገ፣ እንደገና ፈለገ። ኃላፊው ወረቀቱን ቀስ ብሎ ከእጁ ወስዶ ለሌላ ሰው ሰጠ።

«ደክሞዎታል፤ ዛሬ ይረፉ። ነገ ማሽንዎ ላይ እንገናኛለን።»

ቤት ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አየች። ጎንበስ ማለት አቅቶት ስለነበር ጫማውን አወለቀችለት፤ ተጋደመ። እንደ ልማዱ ጣቶቹ ፍራሹን መታ መታ አደረጉና ቆሙ። «ሰፊ፣» አለ ወደ ግድግዳው ዞሮ፤ አጥብቆት ይሁን አላልቶት አልለየሁም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰደው።