ከሰርጉ ፊልም የወጣው አጎት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ በላቸው ካሜራውን ትከሻዬ ላይ ጫኑና ግድግዳውን ሳልደገፍ እንድቆም አዘዙኝ። እጄ ዛለ። "ሰርግ ላይ ግድግዳ አታገኚም" አሉኝ።

ዲላ ገበያ አጠገብ የነበረው ፎቶና ቪዲዮ ቤት የእሳቸው ነው። የቀጠሩኝ ችሎታ ኖሮኝ ሳይሆን ሴት ስለሆንኩ ነበር። ሙስሊም ነጋዴዎች ልጅ ሲድሩ ሙሽራዋ ወዳለችበት ክፍል ወንድ ካሜራ ይዞ እንዲገባ አይፈልጉም። ጋሽ በላቸው ደጁን ይቀርጻሉ፣ እኔ ውስጡን።

ያኔ ኤዲት የምናደርገው በሁለት የቪዲዮ ዴክ ነው። አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል። የምንፈልገው ቦታ ሲደርስ የሁለቱንም ቁልፍ እኩል እንጫናለን። ጣት ከዘገየ ወይም መብራት ከጠፋ እንደገና ነው። የሙሽሮቹን ስም ጋሽ በላቸው ካርቶን ላይ በብሩሽ ይጽፉታል፣ እኔ እቀርጸዋለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ በጥሬው፣ መጀመሪያ በቀረጽንበት ካሴት ላይ ሌላ ሰርግ እንቀርጽበታለን።

ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቼ አንዱ የሐያት ሰርግ ነበር። አባቷ አቶ ሙዘይን ከወንድማቸው ከከማል ጋር የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ከማል በዚያ ሰርግ ላይ ያልገባበት ሥራ አልነበረም። እንግዳ ይቀበላል፣ ወንበር ይሸከማል፣ ሙሽራዋን እጇን ይዞ ያወጣት እሱ ነው።

ከዓመታት በኋላ ኮምፒውተር መጣ። ከእኛ ሱቅ ማዶ ሌላ ቪዲዮ ቤት ተከፈተ። እዚያ የሙሽሮቹ ስም እየተሽከረከረ ይመጣል። ዲላ ዝናብ እየዘነበ ሙሽሮቹ ፊልሙ ላይ ባሕር ዳርቻ ቆመው ይታያሉ። ደንበኛው ወደዚያ ሄደ። ጋሽ በላቸው ብሩሻቸውን አጥበው አስቀመጡት፤ ከዚያ በኋላ ሲጽፉ አላየኋቸውም።

እኔ ኮምፒውተሩን ተማርኩ። ለመድኩት ስል ፕሮግራሙ ይለወጣል። ካሴቱ ቀረ፣ ሲዲ መጣ፣ ዲቪዲ መጣ፣ ፍላሽ መጣ። ዕድሜ ከገፋ በኋላ በየጊዜው ጀማሪ መሆን ያደክማል።

አንድ ቀን አቶ ሙዘይን የሐያትን ሰርግ ካሴት ይዘው መጡ። ከወንድማቸው ጋር በሱቁ ተጣልተው ከማል ወደ ይርጋጨፌ ከሄደ ቆይቷል።

"ወደ ዲቪዲ ገልብጪልኝ" አሉ። "ከማልን ግን አውጪው።"

"አባባ፣ ሁሉም ቦታ አለ እኮ። እሱን ካወጣሁ ሰርጉም አብሮ ይወጣል።"

"ኮምፒውተር ይችላል ብለውኛል።"

"ይችላል። እኔ ግን ልጅቷን ሳይጠይቁ አልነካውም።"

ካሴታቸውን አንስተው ማዶ ወዳለው ቤት ተሻገሩ። ጋሽ በላቸው ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ነበር። "ዛሬ የገባ ደንበኛ እሳቸው ብቻ ነበሩ" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ማዶ ያሉት ሠሩላቸው። በኋላ አየሁት፤ ጥሩ ሥራ ነው። ከማል ከሚታይበት ቦታ ብዙው ተቆርጧል፣ ሊቆረጥ ያልቻለው በአበባ ተሸፍኗል። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ እጇን አበባ ይዞት ይታያል።

ከማል ሲሞት ሐያት ከሐዋሳ ለለቅሶ መጣች። ከሰልስቱ በኋላ ሱቃችን ገባች። ዋናውን ካሴት አባቷን ጠይቃቸው ነበር። ማጫወቻው ስለተበላሸ ምን ያደርግልኛል ብለው ጥለውታል።

"ያሳደገኝ እሱ ነው" አለች። "አባቴ ለንግድ ሲወጣ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እሱ ነበር። አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ። ቅጂ የላችሁም?"

ቅጂ አልነበረንም። ነገር ግን ከጓዳ አሮጌ ካሴቶች የታጨቁበት ካርቶን ነበር፤ ቴፑ ስለተጨማደደ ደግመን ያልቀረጽንባቸው። ሐያት የሚል ጽሑፍ የለጠፍኩበት ጥሬ ካሴት እዚያ ተገኘ። ሻጋታ ይዞታል። ከፍቼ ቴፑን በለስላሳ ጨርቅ እየጠረግኩ በእጄ አጠነጠንኩት። ዴኩ ሁለት ጊዜ ተፋው፣ በሦስተኛው ያዘው።

የሙሽራዋ ክፍል ነው። ሐያት ታለቅሳለች፣ ሴቶቹ ያባብሏታል። ከማል ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ይላል። "ሐዋሳ እኮ ነው" ይላታል። "ጠዋት ብነሳ ለምሳ አንቺ ጋ ነኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "አንቺ ልጅ፣ በልተሻል? እስቲ ያንን ብረት አስቀምጪና ብዪ" ይላል። እኔ እስቃለሁ፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ በላቸው ያን ጊዜ ተበላሸ ብለው ያወጡት ቦታ ነው።

ሐያት አስደገመችኝ። "ድምፁ ወፍራም ይመስለኝ ነበር" አለች።

በፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋት። በሳምንቱ ደወለች። "አባቴ ቁጭ ብሎ አየው" አለችኝ። "ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው መልሺው አለኝ። አሁንም እያየው ነው።"

ጋሽ በላቸው አርፈዋል፣ ሱቁም ተዘግቷል። ዛሬ የሰርግ እንግዳው ሁሉ በስልኩ ይቀርጻል፤ ስልኩ ሲሞላ ያጠፋል። በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ጥሬውን አስቀምጡ፣ ተበላሸ ያላችሁትንም ጭምር። ማሽን በተለወጠ ቁጥር ወደ አዲሱ ገልብጡት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አብዛኛውንም ማንም መጥቶ አይጠይቃችሁም።