አባቴ ከፊልሙ መሀል ተነሥቶ የወጣ ዕለት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ብርሃን ነው። በሕይወቴ ብዙ ፊልም አይቻለሁ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። የዚያን ቀኑን የማልረሳው ግን ፊልሙ ግሩም ስለነበረ አይደለም። አባቴ ግማሹን አይቶ ተነሥቶ ስለወጣ ነው።

አባቴ የሚኖረው አንኮበር ወረዳ፣ ከጎረቤላ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ገብስና ባቄላ ያርሳል። በወጣትነቱ፣ በደርግ ጊዜ፣ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ዘምቷል። ይህንንም ያወቅነው ከእናታችን እንጂ ከእሱ አይደለም። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሰሎሞን ልጆች ሳለን ስለ ጦርነቱ ስንጠይቀው "የድሮ ነገር ነው፤ ተዉት" ይለንና ወደ ሥራው ይሄዳል። አይቆጣም። ግን ሁለተኛ ለመጠየቅ አፋችን አይደፍርም ነበር።

ሰሎሞን አድጎም ይህ ነገር ከልቡ አልወጣም። "አባቴን አላውቀውም" ይለኛል አንዳንዴ። አሁን እዚሁ ደብረ ብርሃን ሥራ ይዟል። ከጓደኞቹ ጋር ሆነው በወር አንድ ጊዜ አዳራሽ እየተፈቀደላቸው ፊልም ያሳያሉ፤ ፊልሙ ሲያልቅ ውይይት አለ። ያን ወር የመረጡት በየአገሩ የተሸለመና የተወደሰ የውጭ የጦርነት ፊልም ነበር። በአማርኛ ተተርጉሟል። ሰሎሞን ደጋግሞ አይቶታል፤ ስለሱ ካወራ አያቆምም።

አባታችንም መጥቶ እንዲያየው፣ ከዚያ ለተመልካቹ እንደ ቀድሞ ወታደር ሁለት ቃል እንዲናገር ፈለገ። እኔ አልወደድኩትም።

"ለእኛ ያልነገረንን ሰው ፊት እንዲናገር ትጠይቀዋለህ?" አልኩት።

"ምናልባት ፊልሙ አፉን ይከፍትለት ይሆናል" አለኝ።

የሚገርመው አባቴ እሺ አለ። "ልጄ ከጠራኝ እመጣለሁ" ብሎ እሑድ ጠዋት ከጎረቤላ በሚኒባስ መጣ። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር።

አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀን። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነዋል። ተማሪዎች፣ አስተማሪዎች፣ ነጋዴዎች አሉ። ከወለጋ ተፈናቅለው ከተማችን ውስጥ በመጠለያ ከሚኖሩት ሰዎችም የተወሰኑ ተጋብዘው ከፊት ተቀምጠዋል። እኔና አባቴ ከእነሱ ኋላ ባለው መደዳ ተቀመጥን። ሰሎሞን አባታችንን የቀድሞ ወታደር ብሎ ለተመልካቹ አስተዋወቀና ማይክሮፎኑን ይዞ ከመድረኩ ጥግ ቆመ።

ፊልሙ ተጀመረ። ተኩስ፣ ጭቃ፣ ጩኸት። እኔ ፊልሙን ከማየት አባቴን ማየት አበዛሁ። እሱ ግን ቤተ ክርስቲያን ስብከት እንደሚሰማ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ቦምቡ ሲፈነዳ እኔ እደነግጣለሁ፤ እሱ ንቅንቅ አይልም። ደህና ነው ብዬ ልቤ ተረጋጋ።

ወደ መሀል ግድም ተኩሱ ቆመ። ወታደሮቹ ሰው የሌለበት መንደር ገቡ። አንድ ቤት በሩ ክፍት ነው፤ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ውስጥ ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል፤ የሚበላው ሰው የለም። ምንም የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም። አባቴ የተነሣው ያን ጊዜ ነው።

"ምን ሆንክ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ቁጭ በዪ፤ መጣሁ" አለኝ።

ወደ ጎን በር ሲሄድ በብርሃኑ መሀል ስላለፈ ጥላው ሸራው ላይ ዐረፈ። አዳራሹ በሙሉ አየው። ሰሎሞንም አየ። ፊቱ ሲለዋወጥ ከሩቅ ታወቀኝ።

ልከተለው ብዬ ነበር። ነገር ግን አባቴ ሲከፋው ብቻውን መሆን ይወዳል፤ ስለዚህ ተቀመጥኩ። እመጣለሁ ያለው ሰው ፊልሙ እስኪያልቅ አልመጣም።

መብራት በራ። ሰሎሞን በተሰበረ ድምፅ "አስተያየት ያለው" አለ። የመጀመሪያው ተናጋሪ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር።

"እንዲህ ያለ የጦርነት ፊልም አይቼ አላውቅም። ጀግና የለውም፤ ፎካሪ የለውም። ሰው ፈርቶ ሲንቀጠቀጥ ያሳያል። እውነት ነው። እውነቱን መቋቋም ያቃታቸው ጥለው ሲወጡም አይተናል።"

አንገቴን ደፋሁ። ከኋላ አንድ ጡረተኛ መምህር ተነሡ።

"ልጄ፣ የወጡት ሰው እኮ ወታደር የነበሩ ናቸው። እንዴት መቋቋም አቃታቸው ትላለህ? የወጡት ፊልሙ ስለሰደባቸው ነው። ወታደር ሁሉ እንዲህ አልቃሻ ነው? ለጓደኛው የሚሞት የለም? ሽልማት ስለተሰጠው ብቻ አሜን ልንል ነው?"

አጨበጨቡላቸው። ሌሎች ደግሞ አጉረመረሙ። አንዲት የሱቅ ባለቤት ፊልሙ ከመርዘሙ በስተቀር እንደወደደችው ተናገረች። አንድ ወጣት "የእነሱ ጦርነት ለእኛ ምናችን ነው? የራሳችን መች አነሰን?" አለ። ሌላው "የራሳችንን ስላላወራን ነው እኮ የሰው የምናየው" ብሎ መለሰለት። መጨረሻው ላይ ደግሞ ጭራሽ ተለያዩ፤ ፊልሙ የሚያበቃው ዋናዎቹ ሁለት ወጣት ወታደሮች ወደ አገራቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ እንዳሉ ነው፤ አገራቸው ይግቡ አይግቡ አይታይም። ግማሹ ይህን ጥበብ ነው አለ፤ ግማሹ ተጭበረበርን አለ።

የሚገርመው ማንም ተናገረ ማን፣ ወሬው ዞሮ ወደ አባቴ ይመጣ ነበር። አንዱ "እኚያ ሰው የወጡት ፊልሙ ውሸት ስለሆነ ነው" ይላል። ሌላው "እውነት ስለሆነ ነው" ይላል። የአባቴ መውጣት ከፊልሙ በላይ አከራከረ። ሰሎሞን ማይክሮፎኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ያቀብላል።

ከዚህ በላይ መስማት አልቻልኩም። አባቴን ልፈልግ ብዬ ስነሣ የጎን በሩ ተከፈተ።

አባቴ ነው። ከእሱ ጋር አንዲት ሴት አለች፤ ዕድሜዋ አርባ ቢሆን ነው። ፊቷን ታጥባ ነጠላዋ ረጥቧል። ከተፈናቃዮቹ ጋር፣ እኛ ፊት ተቀምጣ የነበረችው መሆኗ ትዝ አለኝ። አባቴ ወንበሯን አስተካከለላትና እኔ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ።

ጡረተኛው መምህር ቀደሙ። "እንኳን ተመለሱ። ለምን እንደወጡ ስንከራከር ነበር። ፊልሙን እንዴት አዩት?"

አባቴ ተነሣ። "ጌታዬ፣ ግማሹን ነው ያየሁት። እስካየሁት ድረስ ጭቃው እውነት ነው። ንግግሩ ግን በዛ፤ እንዲያ ሲሆን ሰው ብዙ አይናገርም።"

ሰው ሳቀ። አባቴ ቀጠለ።

"የወጣሁት ፊልሙን ጠልቼ አይደለም። ይቺ እህታችን ከፊቴ ተቀምጣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተነሥታ ስትወጣ ሲያንገዳግዳት አየሁ። ሰው ሁሉ ወደ ሸራው ያያል። እንዳትወድቅ ብዬ ተከተልኳት። ይኸው ነው።"

ስለ እሱ ሲከራከር የነበረው ሰው ሁሉ እንዴት እንዳፈረ ብታዩ። ተማሪው ወለሉን ያይ ጀመር። እኔም ልጁ ሆኜ ከፍቶት ነው ብዬ ነበር።

ሴትየዋ ዘነበች ትባላለች። መናገር ትፈልግ እንደሆነ ሰሎሞን ቀስ ብሎ ጠየቃት። ማይክሮፎኑን አልተቀበለችም፤ ተቀምጣ ነው የተናገረችው።

"እኔ ስለ ፊልም አላውቅም። ጎረቤቴ ናት ያመጣችኝ። ተኩሱን ቻልኩት። ያ በሩ ክፍት የሆነው ቤት ነው ያቃተኝ። እኛም እንደዚያ ትተን ነው የወጣነው። ባለቤቴ ከብቶቹን ሊያይ እንደሄደ ቀረ። አንድ የአገራችን ሰው ወድቆ አይቼዋለሁ አለ። ዘመዶቼ ተዝካሩን አውጪ፣ ነፍሱን አታስጨንቂ ይሉኛል። እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።" ቀጥላ "እነዚያ ሁለቱ ልጆች አገራቸው ገቡ?" ብላ ጠየቀች።

ፊልሙ አያሳይም ብሎ የመለሰላት ሰሎሞን ነው።

"እንግዲያ አላለቀም" አለች።

አባቴ እንደቆመ ነበር። ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ አኖረ። ወንድሜን አላየውም፣ እኔንም አላየኝም፤ ለእሷ ብቻ እንደሚያወራ ሆኖ ጀመረ።

"የእኔ ተዝካር ተበልቷል" አለ።

እኔና ሰሎሞን ተያየን። ይህን ሰምተን አናውቅም።

"ቆስዬ ወድቄ ነበር። አብሮኝ የነበረ የአገሬ ልጅ ሞቷል ብሎ ለቤተሰቤ ተናገረ። ውሸታም አልነበረም፤ የሞትኩ መስሎት ነው። ደርግ ሲወድቅ በእግሬም፣ በለመንኩት መኪናም እያልኩ አገሬ ደረስኩ። ከመንደሩ በላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ስደርስ የነፍስ አባታችን አዩኝ። አማተቡ። ከዚያ ዳሰሱኝ። 'እናትህ በድንገት ካየችህ ልቧ ይቆማል፤ እዚህ ቆይ' ብለው ብቻቸውን ወረዱ። መጀመሪያ 'ስለ ልጅሽ የሚያውቅ ሰው መጥቷል' አሏት። ተቀምጠው የሰጠቻቸውን ጠላ ጠጡ። ቀጥለው 'ቆስሎ ነበር ይላል ሰውየው' አሏት። እንደገና ጠጡ። 'እንዲያውም ሳይድን አልቀረም' አሏት። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሲመሽ ከሞት አስነሡኝና አስጠሩኝ።"

አባቴ ወደ ዘነበች እያየ ቀጠለ።

"ስገባ እናቴ አላለቀሰችም። ፊቴን ይዛ ብዙ አየችኝና 'ተዝካርህን እኮ በልተናል፣ ልጄ' አለች። 'ለእኔ የተረፈ የለም?' አልኳት።"

መጀመሪያ የሳቀችው ዘነበች ናት። እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ተከተላት።

አባቴ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ "ባልሽ ይመጣል አልልሽም" አላት። "የማላውቀውን አልናገርም። ግን እጅሽ አልታዘዝ ካለ አታስገድጂው። ቀን አለ።"

ከዚያ ወደ ሰሎሞን ዞረ። "አንተ ሁልጊዜ ለምን አይነግረንም ትላለህ። ከእኔ ጋር የሄዱት አልተመለሱም። እናቶቻቸው ገበያ ላይ ያገኙኛል። እኔ መመለሴን እያወራሁ እንዴት ብዬ ዓይናቸውን ልይ? ለዚህ ነው፤ ሌላ ነገር የለኝም።"

ሰሎሞን ማይክሮፎኑን መሬት ላይ አስቀምጦ መጥቶ አቀፈው። ውይይቱን የዘጋ ሰው አልነበረም፤ ሰው በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ወጣ። ተማሪው በር ላይ አባቴን ጠብቆ ይቅርታ ጠየቀው። አባቴ ተማሪው ምን ብሎት እንደነበር ስላልሰማ "ስለ ምኑ?" አለው። ጡረተኛው መምህር ግን ከደጅም ሆነው ፊልሙ አልተዋጠልኝም እያሉ ነበር፤ ተማሪው አብሯቸው እየተከራከረ ሄደ።

ዘነበች ያን ዓመት ተዝካር አላወጣችም። ስለ ባሏ እስካሁን ወሬ አልተገኘም። ሰሎሞን ከእሷ ጋር ሆኖ ሌላ ከተማ ያሉትን መጠለያዎች በሰው በሰው እያስጠየቀ ነው። አባቴ ደብረ ብርሃን በመጣ ቁጥር ሳያያት አይመለስም፤ እሷም የጎረቤላን ገብስ ለምዳለች፤ ካልመጣ ትጠይቀኛለች።

በፋሲካ ሰሞን ደግሞ አባቴ እኔንና ሰሎሞንን ይዞን አንኮበር ውስጥ አንዲት አሮጊት ቤት ሄደ። ከእሱ ጋር ዘምቶ የቀረ ጓደኛው እናት ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ማን እንደሆነ ሲነግራቸው "አውቄሃለሁ፤ ሁልጊዜ ገበያ ላይ መንገድ ትለውጥብኛለህ" አሉት። አባቴ አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ ልጃቸው ያወቀውን ሁሉ ሊነግራቸው ተዘጋጅቶ ነበር። እሳቸው ግን የት ወደቀ፣ እንዴት ሞተ አላሉም።

"ያ አገር ብርድ ነው ይላሉ። ይበርደው ነበር?" ብለው ጠየቁት።

"የምንለብሰው አንድ ብርድ ልብስ ነበረን" አላቸው አባቴ። "አንድ ላይ ነበር የምንተኛው። ብዙም አይበርደንም ነበር።"

አሮጊቷ ራሳቸውን ደጋግመው ነቀነቁ። "እሰይ" አሉ። "እሰይ። ይሄን ነበር የምፈልገው።"

ስለ ፊልሙ ሰዎች ዛሬም ይጠይቁኛል። ሰሎሞን የዓለም ምርጥ ነው ይላል፤ እኔ ንግግር በዝቶበታል ከሚሉት ጋር ነኝ፤ በዚህ ገና አልተስማማንም። ነገር ግን ያን ዕለት አባቴን ከአንኮበር ስላስመጣው ወንድሜን አመሰግነዋለሁ። አባቴ አሁንም ብዙ አይናገርም። ስንጠይቀው ግን "ተዉት" ማለቱን ትቷል። ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ ይመልስልናል።